ለእድሳት የሄደው በር

ብርድ የሚሰማው ኩሽናችን ነው ብዬ አምን ነበር። እኛ ጤነኞች ነን፤ የታመመው እሱ ነው፤ የገባነውም ልናስታምመው ነው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ከትልቁ ቤት ወጥተን ግቢው ጥግ ላይ ወዳለው ኩሽና ዕቃችንን ባጓዝንበት ቀን በሩ ላይ ቆሜ፣ «እማ፣ ለምንድነው እዚህ የምናድረው?» ብዬ ጠየቅኳት። ፍራሹን ግድግዳው ሥር እያነጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ብቻውን ሆኖ በርዶት ነዋ። ሰው የማያድርበት ቤት ይታመማል። እኛ ስንገባበት ይሻለዋል» አለችኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። የታመመ ቤት ማስታመም ከቤት ሥራ በብዙ ይሻላል፤ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። አባቴ በሞተ ማግስት፣ እንባችን ሳይደርቅ፣ ታላቅ ወንድሙ ትልቁን ቤት «የአባቴ ቤት ነው» ብሎ ቆለፈው። ኩሽናውን ግን አባቴና እናቴ ከተጋቡ በኋላ በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ እሱ ብሎኬት ሲደረድር እሷ ሲሚንቶ እያቀበለች። ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደ። ዋናው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሰው ሁሉ ሲቸኩል እሳቸው «ቀስ፣ ቀስ» ስለሚሉ ሰፈሩ «ፍሬን» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ፊት ለፊት ሲሆን ጋሽ ፍሬን። ግራ ቀኙን ሰምተው፣ «ሴትዮዋ ኩሽናው ውስጥ እስከኖረች ድረስ የሷ ነው። ጥላው ከወጣች ለወንድምየው ይመለሳል። ከዚያ ጭስ ማውጫ ጭስ እስከታየ ድረስ ማንም እንዳይነካት» ብለው ፈረዱ። አጎቴ ሳያንገራግር ተስማማ። የብርዱ ወራት እየመጣ ነበር፤ ያ ኩሽና ደግሞ ድስት ሊጣድበት እንጂ ሰው ሊተኛበት የተሠራ አይደለም። ሽማግሌ ያልፈረደልኝን ብርዱ ይፈርድልኛል ብሎ ነው።

ኩሽናው መስኮት አልነበረውም። ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ስላለ ነፋሱ በአንዱ በኩል ይገባና ቤቱን ጎብኝቶ በሌላው ይወጣል። ጠዋት የባልዲው ውኃ ጣት ይቆርጣል። እናቴ ፍራሽ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ፍራሽ ስትሞላና ስትሰፋ ትውላለች። ስትመለስ ከወለል የተጠረገ ውዳቂ ጥጥ በከረጢት ተሸክማ ትመጣለች። ጥጡን በዱቄት ሙጫ አርሰን፣ በማንኪያ እጀታ እየጠቀጠቅን ስንጥቅ ለስንጥቅ እንዞራለን፤ እኔ የታችኛውን፣ እሷ የላይኛውን። «ጆሮውን እየደፈንለት ነው፤ ብርድ በጆሮ ነው የሚገባው» ትለኛለች። እኔም ግድግዳውን «ትንሽ ነው የቀረው፣ አይዞህ» እለው ነበር።

ምድጃችን ከበርሜል የተቆረጠ ነው። የምናነደው ደግሞ ከመንገድ ማዶ ያለው አናጺ የሚሰጠንን ሰጋቱራ። ሰጋቱራ ዝም ብለው ቢለኩሱት ዓይን ያጠፋል እንጂ አይነድም፤ መላ አለው። ከታች በኩል ጎኑ የተበሳ ትልቅ የቀለም ጣሳ መሐል ባዶ ጠርሙስ ታቆሚያለሽ። ዙሪያውን ሰጋቱራ እየጨመርሽ በቡጢሽ ትጠቀጥቂያለሽ። ጢም ሲል ጠርሙሱን ቀስ አድርገሽ እየጠመዘዝሽ ትመዢዋለሽ፤ መሐሉ ላይ ጉሮሮ ይቀራል። ጣሳው ምድጃው ውስጥ ገብቶ ከታች እሳት ሲያገኝ በዚያ ጉሮሮ በኩል ግማሽ ቀን ቀስ እያለ ይነዳል። ጠርሙሱን ከቸኮልሽበት ሁሉም ይናድና እንደገና ሀ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ጠርሙሱን መምዘዝ የእኔ ሥራ ነበር። እናቴ ጠዋት አንዱን ጣሳ ለኩሳ ትሄዳለች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለተኛውን እለኩሳለሁ። አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዓለም ቢገለበጥ እሳቱ አይጠፋም።»

አጎቴ በየጠዋቱ ፊቱን ሳይታጠብ በረንዳው ላይ ይወጣና ጭስ ማውጫችንን ቀና ብሎ ያያል። አየር ለመቀበል አይደለም፤ ዓይኑ ከጭሱ አይነቀልም። እንደሚያስብልን ነበር የሚመስለኝ። በርዷቸው ይሆን እያለ እንቅልፍ ያጣል፣ ምስኪን፣ እያልኩ አዝንለት ነበር። አንድ ጠዋት አላስቻለኝም። ቦርሳዬን እንዳነገትኩ በረንዳው ሥር ሄጄ፣ «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ አልበረደንም። እሳቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ» አልኩት። ጥርሱን የሚያመው ሰው መስሎ ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ «ጎበዝ» አለኝ። ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን አንቱታዬ አልቆብኝ እሱ እለዋለሁ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ ባይለኝም ግድ የለኝም።

ከሁሉ የምወደው እራት እስኪበስል ያለችውን ሰዓት ነበር። እናቴ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚደረግበት ጠፍጣፋ ጠመኔ ነበራት። በእሱ ግድግዳው ላይ ቤታችንን ታድሰዋለች።

«እዚህ ጋ መስኮት» ትላለች፣ ካሬ እየሣለች። «ሁለት ተከፋች። የጠዋት ፀሐይ በሱ ትገባለች።»

«መጋረጃውስ?»

«ቢጫ።»

«እኔ ሰማያዊ ነው የምፈልገው።»

«ሰማያዊ ይበርዳል። ወለሉ ጣውላ ይሆናል፤ በባዶ እግርሽ ትሄጅበታለሽ። ላይ ኮርኒስ ይመታል፤ ሙቀቱ እዚሁ ይቀራል። እዚህ የሳህን መደርደሪያ። የታችኛው ሣጥን ያንቺ።»

በመጋረጃው ቀለም ተኳርፈን ያደርንበት ጊዜ አለ። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ የግቢው ቧንቧ አለ፤ አጎቴ ከሥራ ሲመለስ እግሩን የሚታጠበው እዚያ ነው። ውኃው መንሿሿት ሲጀምር የእናቴ ድምፅ ከፍ ይላል። «አናጺው ሊለካ ይመጣል፤ ጣውላውም ታዟል» ትላለች፣ አጠገቧ ላለሁት ለእኔ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ የምታውጅ ይመስል። ውኃው ስለሚጮኽ እንድሰማት ብላ ነው እያልኩ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሰማያዊ መጋረጃ» እላለሁ።

ብርዱ ጥርስ ባወጣበት ሰሞን፣ እናቴ ሥራ ላይ ሳለች፣ አጎቴ ካቻቢቴ ይዞ መጣ።

«እናትሽ የለችም?»

«የለችም፣ ጋሼ።»

ሌላ ቃል ሳይተነፍስ የበራችንን ማጠፊያ ብሎን መፍታት ጀመረ። አጠገቡ ቆሜ አየሁት። የሚያየው ብሎኑን ብቻ ነው።

«ምን እየሠሩ ነው?»

ሁለተኛውን ብሎን ያዘ።

«ሊታደስ ነው?»

እጁ ቆመ። የዚያን ጊዜ ፊቱ ዛሬም ድረስ ዓይኔ ላይ አለ፤ የቆለፉበት ቤት ውስጥ ድንገት የተከፈተ በር ያየ ሰው ፊት ነበር። «እ... አዎ» አለ። «ሊታደስ ነው።»

ደስታዬን አልችለው አልኩ። ግድግዳው ላይ ብቻ የነበረው እድሳት በእውን ተጀመረ፤ ያውም በአጎቴ እጅ። «ልርዳዎት» ብዬ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየተቀበልኩ በመዳፌ ያዝኩለት። በሩን በትከሻው አድርጎ ሲሄድ ከኋላው «እግዜር ይስጥልን» አልኩት። አልዞረም። ብሎኖቹን መልሼ ስሰጠው አንዷ ኪሴ ውስጥ ቀርታ ኖሮ፣ ያገኘኋት በኋላ ነው።

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች «ምን ነክቶሽ ነው የረዳሽው» ይሉኛል። ምንም አልነካኝም። አጎት የወንድሙን ልጅ በር በብርድ ወር ይነቅላል ብሎ የሚያስብ የስምንት ዓመት ልጅ ካለ እሱ ይፈር። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ነው፤ እሱም ሳያፍር ሞተ።

እናቴ ስትመለስ በር በሌለው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። እሳቱ አልጠፋም፤ ነፋሱ ግን አመዱን ቤቱ ውስጥ ሁሉ በትኖታል፤ ፀጉሬ ነጭ ሆኗል። «እማ፣ እድሳቱ ተጀመረ» አልኳት። «ጋሼ በሩን ለእድሳት ወሰዱት።»

ከረጢቷን መሬት አስቀመጠች። ክፍቱን ቦታ አየች፣ ትልቁን ቤት አየች፣ ከዚያ እኔን። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ሲል መለሰችው። ሳቀች። አመዱን ከፀጉሬ ላይ እያራገፈች፣ በረንዳው ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «አፍንጫውን ይላስ» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ብርዱን መስሎኝ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ብርድ ልብስ ሰቅሎ ያለቅስ ነበር። እናቴ ግን ፍራሽ ሰፊ ናት። ከማዳበሪያ ከረጢቶቹ የበሩን ልክ የሚያህል ልባስ ሰፋች፤ ያለንን ጥጥ በሙሉ ሞላችበት፤ በትልቁ የፍራሽ መርፌ ጥጡ እንዳይንሸራተት እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አድርጋ አሰረችው። የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ነፋስ እንዳያነሳው ጠጠር ሰፋችበት። ላይኛውን በዱላ አድርጋ ከጉበኑ ላይ ሰቀለችው። ስንገባ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለጥ አድርገን ነው፤ ስንለቀው ዱብ ብሎ ይዘጋል። ይገርማል፣ ከእንጨቱ ይልቅ ሞቀ። እናቴ እጇን እያሟሟቀች፣ «የእንጨት በር ሰው ይመልሳል፤ የፍራሽ በር ብርድ ይመልሳል» አለች። በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ጭሱን ሲያይ ከወትሮው በላይ ቆመ።

እሁድ ዕለት ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ግቢው መሐል ወንበር ደረደረላቸው። ሰጋቱራ ልቀበል አናጺው ዘንድ ሄጄ ስመለስ ነው የደረስኩት። እናቴ የፍራሽ በሯ አጠገብ ቆማለች።

«በዓይናችሁ እዩት» ይላል አጎቴ። «በሩን ነቅላ ሸጠችው። በር የሌለው ቤት ቤት ነው? ይኼ መኖር አይባልም፤ ጥላው ልትሄድ ጓዟን እየሸከፈች ነው።»

«በሩን ማን እንደነቀለው የነቀለው ያውቃል» አለች እናቴ።

«ማን አየ?»

እናቴ ዝም አለች። እኔን ልትጠቅሰኝ እንዳልፈለገች የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ አጎቴ እንደረሳ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ይረሳል፤ አሳዘነኝ። ከረጢቴን አስቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ረስተውት ነው» አልኩት። «እርስዎ ነዎት ለእድሳት የወሰዱት። ብሎኖቹን የያዝኩልዎት እኔ ነኝ።»

አጎቴ ክው አለ። ከዚያ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። በልጅ ወሬ ልንፈርድ ነው?»

«ቀስ» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ምን አሉሽ?»

«ሊታደስ ነው አሉኝ። አንዷ ብሎን ቀርታለች። እንዳትጠፋባቸው አስቀምጬላቸዋለሁ።»

ብሎኗን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ተነሥተው ፍራሹን ገለጥ አደረጉና ባዶው የበር መቃን ላይ ከቀሩት ቀዳዳዎች በአንዱ በጣታቸው አዞሯት። ጥርቅም ብላ ገባች። ተመልሰው ተቀመጡ። አይቸኩሉም።

«እንግዲህ ወይ ለእድሳት ወስደኸዋል፣ ወይ ሰርቀኸዋል» አሉት። «ሦስተኛ ካለ ንገረን።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ለእኔ የጣላት አንዲት ቃል አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። መሬት መሬት እያየ፣ «ለእድሳት ነው» አለ። «ሳይጠብቁት ላስደስታቸው ብዬ ነበር።»

«ጎሽ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው። መቼ ያልቃል?»

«በዚህ ሳምንት።»

ጋሽ ፍሬን ወደ እኔ ዞሩ። «ቀለሙ ምን ይሁንልሽ?»

«አረንጓዴ» አልኩ።

በሩ በመላጊያ ተስተካክሎ፣ አዲስ ማጠፊያ ገብቶለት፣ አረንጓዴ ተቀብቶ መጣ። ከኋላው ፍራሹ ስለተሰቀለ ሁለት በር ያለን ሆንን። እንደ አጎቴ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው የለም ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ብርዱ ግን ቃል አያውቅም፤ ከዚያ በኋላ ነው የባሰው። እናቴ ሳል ጀመራት። የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቆ መርፌ ይወድቅባታል። ግድግዳው ላይ መሣሉን ተወችው፤ ከሥራ ስትመለስ ምድጃው አጠገብ ኩርምት ብላ ትቀመጣለች እንጂ ስለ ኮርኒሱም ስለ ጣውላውም አታነሳም። ደክሟት ነው አልኩ። አጎቴ ያን ሳል በግድግዳው በኩል ሰምቶት መሆን አለበት። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው፤ ጠባዩን ለወጠና ጋሽ ፍሬንን ላካቸው።

ምድጃው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞሩታል።

«እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ በኔ እንዳትቀየሚ» አሏት። «ከትልቁ ቤት አንድ ክፍል ልስጣት ይላል። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ማሞቂያም አለው። አንቺ ደግሞ ኩሽናውን ትለቂለታለሽ።»

«ክፍሉ የማን ይሆናል?»

«የሱ። አንቺ ትኖሪበታለሽ።»

«እሱ ውጪ እስኪለኝ።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ግን ልጄ፣ እሳት እየጠበቁ መኖር ስንት ዓመት ይዘለቃል? ሳልሽን እየሰማሁ ነው። ልጅቷንም አስቢያት።»

እናቴ እጆቿን እሳቱ ላይ ዘርግታ ቆየች። እኔ ስለዚያ ክፍል አውቅ ነበር፤ አባቴ ሳለ የምተኛበት ክፍል ነው። በእግሬ ጣቶች ጣውላውን አስታወስኩት። ልቤ ሄዶ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ እናቴ ትንፋሽ ስባ አፏን ስትከፍት አየሁና ደነገጥኩ። ረስታዋለች።

«እማ፣ መስኮቱስ?»

ዞረች።

«አናጺው ሊለካ ይመጣል ብለሽ የለ? ጣውላውም ታዟል። ቢመጣና ቢያጣንስ? ደግሞ...» ግድግዳውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት። «አሁን ነው ትንሽ የተሻለው። ጥለነው ብንሄድ ማን ያስታምመዋል? መስኮቱ ሳይገባማ አንሄድም።»

እናቴ አፏን ዘጋች። አስተያየቷ ግራ አጋባኝ፤ የተቆጣችኝ መሰለኝ። ቆየት ብላ ቀና አለች፤ ወገቧ ሲቀና ይታወቀኛል።

«ሰምተዋል፣ ጋሽ ፍሬን። መስኮቱ ሳይገባ አንሄድም።»

«መስኮቱ ከገባስ?»

«ከገባማ ለምን ብለን እንሄዳለን?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ሳይዙ ሳቁ፤ ከልባቸው ሳቁ። ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

መስኮቱ ብርዱ ሳያልፍ ገባ። እናቴ ለአናጺው ቤተሰብ ፍራሾቻቸውን ሁሉ አፍታታ ሰፋችላቸው፤ እሱ መስኮቱን ሠራ። የብሎኬቱ ግድግዳ ሲፈርስ ጠቅላላው ብርድ ቤት ገባና፣ ካፖርታችንን ደርበን፣ እሳቱን አጉነን፣ እየተንቀጠቀጥን ሳቅን። መጋረጃው ቢጫ ሆነ፤ እዚያ ላይ ተሸንፌያለሁ። ጣውላው በዓመቱ ገባ፣ ኮርኒሱ ከዚያ በኋላ፣ መደርደሪያው ሁለተኛ ደረጃ ስገባ። አጎቴ ግን እስኪሞት ድረስ በየጠዋቱ ቀና ማለቱን አልተወም። ልማድ ሆኖበት ይመስለኛል።

በቅርቡ ልጠይቃት ሄጄ መስኮቱ ሥር ተቀምጠን፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ፣ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ዕቅድ እንዴት አሰብሽው? በልተን እንኳ ባላደርንበት ዘመን» አልኳት።

«የቱን ዕቅድ?»

«መስኮቱን፣ ኮርኒሱን። ግድግዳው ላይ የምትሥይውን።»

ሳቋ መጣ። «ዕቅድ ነው እንዴ እሱ? አጎትሽ ቧንቧው ጋ ቆሞ ስለሚሰማ ነው። ከኋላዋ ሰው አላት ብሎ እንዲፈራ። አናጺውን ለሰላምታ እንጂ ለሥራ አናግሬው አላውቅም ነበር።»

«ጋሽ ፍሬን የመጡ ቀንስ?»

«እሺ ልላቸው ነበር» አለች። «ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ብርዱ አሸንፎኝ ነበር፣ ልጄ። እሱን ላስፈራራበት የዋሸሁትን አንቺ አመንሽው። ሁለታችሁንም ልዋሽ ነው? ሠራሁት።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቢጫውን መጋረጃ የማስተካክል መስዬ ዞርኩ።

በዚያው ከሰዓት የአጎቴ ልጆች ሰው ላኩ። ትልቁን ቤት አፍርሰው ሰፊ ሕንፃ ሊሠሩ ነው፤ ኩሽናዋ መሐል ላይ ሆናባቸዋለች፤ «እናታችን በዚህ ዕድሜዋ ምን ያደርግላታል፣ ሞቅ ያለ ቦታ እንፈልግላት» አሉ። መልእክተኛው ጨዋ ልጅ ነው፣ በር ላይ ቆሞ ነው የተናገረው። እናቴ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች። ለእሱ መመለስ ሲገባት አልፋው ሄደች፤ በግቢው በኩል ያለውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ንገራቸው» አለች፣ ለልጁ ከሚያስፈልገው በላይ በጣም ከፍ ባለ ድምፅ። «ፎቅ ልጨምርበት ነው። ግንበኛው ሊለካ ይመጣል።»

ልጁ ሄደ። ፊቷን አየሁት፤ እውነቷን ይሁን ለእነሱ፣ ከፊቷ ማንበብ ዛሬም አልችልም። አልጠየቅኳትም። ስልኬን አውጥቼ ግንበኛ ጋ ደወልኩ።